ግማሽ ሽንፈት

በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ባሌ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት። አብሮት አውቶቡስ የሚነዳው የሥራ ጓደኛው፣ ከጎኑ። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ በራሳቸው ወንበር ላይ፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው። ሴት ልጄ፣ ምንጣፉ ላይ፤ ከቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል ከሥራ መጥታ የሱቁን ሸሚዝ እንኳ አላወለቀችም። ወንድሜ፣ በሩ አጠገብ፣ የእንጨት ወንበር ላይ፤ ለስላሳ ነገር ላይ መቀመጥ አይወድም። እኔ፣ በሳሎኑና በኩሽናው መካከል ቆሜ። ወንዱ ልጄ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነበር። አንድ ሰው ልጨምር፤ ፊቱን አላየነውም፣ ድምፁን ብቻ ነው የሰማነው። ግጥሚያውን የሚያወራው ሰውዬ ነው። እሱንም ከእንግዶቹ እቆጥረዋለሁ፤ ሳይጠራ ገብቶ ቤቴን በጥብጦት ሄዷልና።

ልጄ ቦክሰኛ ነው። እንዲሆን አልፈለግሁም። ያስጀመረው ወንድሜ ነው። ከሕንፃዎቻችን ሥር ሚቅላጥ አለ፣ ሮኬት ሲመጣ የምንወርድበት መጠለያ። ወንድሜ ቁልፉን ከከተማው አስተዳደር ለምኖ ተቀብሎ፣ አሮጌ ጓንት ሰብስቦ፣ ከረጢት ሰቅሎ፣ ከሥራ መልስ የሰፈሩን ልጆች ያሠለጥን ነበር። እሱም በወጣትነቱ ቦክስ ተጫውቷል፤ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው።

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫው ደምቶ ሲመጣ ሽርጤን ሳልፈታ ወደ ሚቅላጡ ወረድኩ።

«አያ፣ አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ። ልትገድልብኝ ነው?» አልኩት።

«አልገድልብሽም። አሁን ስሚኝ» አለ። «ከሚያቀምሰው ቡጢ የሚቀምሰው የበዛ ቀን እኔው ራሴ እነግርሻለሁ። አባቱ ቢኖርም፣ ራሱ ቢኖርም፣ ማንም ቢኖር እናገራለሁ። ያን ቀን ጓንቱን አወልቅለታለሁ።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚህ ቃል ነበር። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ፍራቴን አልደብቅም። ጋዙን ዘግቼ ተመልሼ አየዋለሁ። ግጥሚያ ሲኖር ከቀኑ በፊት አተር በፌስታል አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ያበጠ ዓይን ላይ ከበረዶ ይልቅ አተር ደህና ይቀመጣል። ልጄ ሲመጣ የስልክ መብራት ዓይኑ ላይ አበራለሁ፤ ሁለቱም ብሌኖች እኩል መጥበባቸውን ማየት ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ልጄ ይስቅብኛል። «ኢማ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?» ይለኛል። ይሳቅ። እኔ ግን አያለሁ።

ልጄ ሲበረታ ወንድሜ ራሱ ወደ ትልቅ ክለብ ሰደደው። «የማውቀውን አስጨርሼዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ እኔ ጋ ቢቆይ ጊዜውን እበላበታለሁ» አለ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ባሌም ሰምቷል። የኋላውን ለሚያነብ ሰው ይህ እንዲታወስልኝ እፈልጋለሁ።

የዚያ ሐሙስ ግጥሚያ ሰሜን ነበር። አንድ የስፖርት ጣቢያ በቀጥታ አሳየው። እኔ አዳራሽ ሄጄ ማየት አልችልም፤ ድምፁ ሆዴ ውስጥ ይገባል። ወንድሜም አልሄደም። «አሠልጣኙ ሌላ ነው፤ ሁለት ሰው ከጮኸበት ልጁ ይደነዝዛል» ብሎ እኛው ጋ መጣ።

ደወሉ ተደወለ። ሰውዬውም ጀመረ።

ዕብራይስጥ ፈጥኖ ሲነገር ያመልጠኛል፤ ይህን ሰውዬ ግን ማንም ይረዳዋል። ያኛውን ልጅ፣ የልጄን ተጋጣሚ፣ የእኅቱ ልጅ ይመስል በስሙ ይጠራዋል። ልጄን «ኢትዮጵያዊው» ይለዋል። ልጄ የተወለደው እዚህ ረሆቮት ነው፣ ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ያኛው ሰንዝሮ ሲስት «እንዴት ያለ ሐሳብ ነው» ይላል። ልጄ ሲያገኘው «ጓንት ነካ» ይላል። ባሌ ከሶፋው ጫፍ ላይ ወጥቶ ነበር።

«የት ነው ጓንት የነካው? ግንባሩን ነው ያገኘው! አየህ አይደል?»

«አየሁ» አለ ጓደኛው። «ዓይን ያወጣ ነገር ነው።»

አማቴ ዕብራይስጥ አይሰሙም። «አንቺ ልጅ፣ ምን ይላል ሰውዬው?» ይሏታል ልጄን።

«ጥሩ ነው ይላል፣ አያቴ።»

«ጥሩ ነው ካለ አባትሽ ምን ያሳድበዋል?»

«አባዬ ስፖርት ሲያይ እንዲህ ነው።»

አማቴ ትንሽ አዩና ደግሞ፣ «ያ ሸሚዝ የለበሰው በመካከል የሚዞረው ማነው?» አሉ።

«ዳኛው ነው።»

«ዳኛ ከሆነ ምናለ ቢገላግላቸው?»

ወንድሜ ጉልበቱ ላይ ያሳረፈው ግራ እጁ በየጊዜው ብድግ ይል ነበር። ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል፣ «ግራህን» አለ፣ ለራሱ። በሦስተኛው ዙር ጮኸ፣ «ግራህን አንሳ! ልጄ፣ ግራህን!» ልጄ አንዲት ጊዜ ጉልበቱ ከዳው። አልወደቀም። ሰውዬው ግን እንደወደቀ አድርጎ አገሩን በጩኸት ሞላው። እኔ ፊቴን ወደ ፍሪጁ አዞርኩ።

ዳኞቹ አምስት ነበሩ። ሦስቱ ለያኛው፣ ሁለቱ ለልጄ ሰጡ። የያኛው እጅ ተነሣ።

ባሌ ተነሥቶ ቆመ። «ዘረፉት። በጠራራ ፀሐይ ዘረፉት።»

«ዘረፋ ነው» አለ ጓደኛው።

«ይህ ሰውዬ ነው እኮ የዘረፈው። ከመጀመሪያው ፈርዶ ጨርሶ ነበር።»

«አልዘረፉትም» አለ ወንድሜ።

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን።

«ሰውዬው ውሸታም ነው፤ እሱን ተወው» አለ ወንድሜ። «ዳኞቹ ግን ሰውዬውን አይሰሙትም። ያዩትን ነው የሰጡት። የመጀመሪያው ዙር የልጁ ነበር፣ ሌሎቹ የያኛው። ተሸነፈ። ግራውን ጥሎ ስንት እንደቀመሰ አላያችሁም?» ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። «የሚቀምሰው በዛ» አለኝ።

ቃሉን ጠበቀ። ሌሎቹ ምን እንዳለ አልገባቸውም፤ እኔ ገብቶኛል።

«ይህን የምትለው ሚቅላጥህን ጥሎ ስለሄደ ነው» አለ ባሌ።

«የሰደድኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ቆጭቶሃል። አሁን ሲሸነፍ ደስ አለህ።»

«ተሸነፈ አልክ? እስካሁን ዘረፉት ስትል አልነበር?»

ልጄ ፈገግ አለች። ባሌ አያት፣ ፊቱም ጠቆረ። ከዚያ ነው ያን ነገር የተናገረው።

«የወለደ ያውቃል። ያልወለደ ሰው፣ ልጅ ሲመታ የት ያመዋል?»

ወንድሜ ልጅ የለውም። ሚስቱ ሁለት ጊዜ አስወርዷት በኋላም ተለያዩ። ባሌ ይህን ያውቃል፤ አብረን ነው ያለቀስነው። ወንድሜ ከወንበሩ ተነሣ፣ የአማቴን ጉልበት ሳመ፣ «ደህና ይዋሉ» አላቸውና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር።

«ቡናውን እንኳ ሳይጠጣ» አሉ አማቴ። «ምን ብለኸው ነው?»

«እውነቱን ነው የነገርኩት» አለ ባሌ።

«እውነት እንዲህ አይሸትም» አሉት እናቱ። እሱ ግን ግጥሚያውን እንደገና ከመጀመሪያው ከፍቶት ነበር።

ልጄ ዓርብ ጠዋት መጣ። ኩሽና ውስጥ አስቀምጬ መብራቱን ዓይኑ ላይ አበራሁ። የግራ ዓይኑ አብጦ ስለነበር በደንብ ለማየት በጣቴ መግለጥ ነበረብኝ። አተሩን ያዘና፣ «አጎቴ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ ይህን ነው።

«ተሸነፈ አለ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሌላስ?»

«ግራውን ጣለ አለ።»

«አለ ወይስ ጮኸ?»

«ጮኸ።»

ሳቀ፤ ሲስቅ ከንፈሩ አመመው። «ልክ ነው» አለ። «ትከሻዬ ደክሞ ነበር። ሰንበት ሲወጣ እሱ ጋ እሄዳለሁ።»

ግን አልሄደም። አባቱ ይዞት ወጣ። ዓርብ ከሰዓት ጎረቤት ቤት፣ ሰንበት ጠዋት ጸሎት ቤት፣ ከጸሎት በኋላ ደግሞ አጥር ሥር፤ ያገኘው ሁሉ ትከሻውን እየመታ «ዘርፈውሃል» አለው። አንዱ «ዘራችንን ስለሚጠሉ ነው» አለው። አይጠሉንም አልልም። ሰውዬው ልጄን እንዴት እንደጠራው ሰምቻለሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን የልጄን ግራ እጅ ያወረደው ሰውዬው አይደለም። ሰንበት ሲወጣ ልጄ ሶፋው ላይ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ቅጂውን ያይ ነበር። «ዘረፉኝ እኮ፣ ኢማ» አለኝ። ዓርብ ጠዋት «ልክ ነው» ያለው ልጅ ነው።

የባሌና የወንድሜ ነገር ወደ ሽማግሌ ሄደ። እንደ ደንባችን አንዱን ባሌ ጠራ፣ አንዱን ወንድሜ ጠራ፣ ሦስተኛውን ሁለቱ ሽማግሌዎች መረጡ። የተቀመጡት በሦስተኛው ሽማግሌ ቤት፣ ከሄርዝል ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ሕንፃ ነው። እኔና ሴት ልጄ የሄድነው ግጥሚያው በእሷ ስልክ ላይ ስለነበረ ነው፤ ሽማግሌዎቹ «ያላየነውን አንፈርድም» ብለው ነበር። ያን ስሰማ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ልጄ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። ወንድሜ ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ይህን ንገሩኝ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «የጀመረው ማነው?»

«አባባ፣ ማንም አልጀመረም፤ ደወል ነው የሚያስጀምራቸው» አለች ልጄ።

«ታዲያ ጠባቸው ምንድን ነው?»

«ጠብ የላቸውም።»

«ጠብ ሳይኖራቸው ነው እንዲህ የሚደባደቡት?» ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ባላንጣን ማስታረቅ ይቀላል። እነዚህን በምን ታስታርቃለህ?»

ትንሽ እንዳዩ እጃቸውን አነሡ። «ይህ የሚለፈልፈው የማን ወገን ነው?»

«የማንም አይደለም፣ አባባ። ሥራው ነው።»

«አንዱን በስሙ፣ ሌላውን በአገሩ እየጠራ፣ ወገን የለውም ትይኛለሽ? ወገን ምስክር አይሆንም። ዝጊው።»

ልጄ ድምፁን ዘጋችው። ያን ጊዜ እኒያን ሽማግሌ ወደድኳቸው። ሰውዬው ዝም ሲል ሌላ ግጥሚያ ሆነ። ያኛው ልጅ እንደተባለለት አልነበረም፤ ብዙ ይስታል። የእኔም ልጅ አባቱ እንደሚለው አልነበረም። በዝምታ ሁሉም ነገር ይታያል። በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ግራ ጓንቱ ከአገጩ ወረደ፣ በሦስተኛው ደረቱ ላይ ነበር፣ በዚያው ክፍት ቦታ ቡጢው እየተመላለሰ ሲገባበት አየሁ። ቤቴ ውስጥ ፊቴን ወደ ፍሪጁ ስላዞርኩ ያላየሁት ነው። አሁን አየሁት። ወንድሜ ልክ ነበር።

«አባባ፣ እኔ የምለው አለኝ» አልኩ።

ሽማግሌው በደግነት ነው ያዩኝ። «አንቺ ልጄ፣ የዚህ ሚስት ነሽ፣ የዚያ እኅት ነሽ፣ የልጁ ደግሞ እናት። ከዚያ ከለፍላፊው የባስሽ ወገን ነሽ። አንቺንም ዘግተንሻል።»

ሁሉም ሳቁ። ባሌም ሳቀ። ወንድሜ ብቻ አልሳቀም። ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ ሴት አትቀጥልም ተብዬ ነው ያደግሁት። ግን እስካሁን ያቃጥለኛል። ለፍላፊውና እኔ በአንድ ቁልፍ ተዘጋን።

ሦስቱ ትንሽ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ትልቁ ፈረዱ።

«ልጁ ተሸንፏልም፣ ተበድሏልም። አንተ ‹ያልወለደ› ያልከው ነውር ነው፤ አንሣው። አንተም ‹ተሸነፈ› ያልከውን አንሣ። ግማሹን አንተ ተው፣ ግማሹን እሱ ይተው። ተነሡና ተሳሳሙ።»

ባሌ ወዲያው ተነሣ። «አንሥቻለሁ» አለ፣ እጁንም ዘረጋ። እውነቱን ለመናገር ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር። ወንድሜ አልተነሣም።

«የሰደበኝን ትቼለታለሁ፤ ሳታስታርቁኝም ትቼዋለሁ» አለ። «ያኛውን ግን ላነሣው አልችልም።»

«ለምን?» አሉ ሽማግሌው። «ከቃልህ ግማሹን ብቻ ነው የጠየቅንህ።»

«ቡጢ ላይ ግማሽ ሽንፈት የለም፣ አባቴ። ዙሩ የአንዱ ነው። ልጁ ግማሽ ተሸንፈሃል ከተባለ ግራውን ግማሽ ነው የሚያነሣው። በቀረው ግማሽ ቡጢው ይገባበታል።»

«እኛ የተቀመጥነው ስለ ልጁ አይደለም፤ ስለ እናንተ ነው።»

«እኔ የመጣሁት ስለ ልጁ ነው» አለ ወንድሜ።

«ሽማግሌ ትረግጣለህ?»

ወንድሜ ያን ጊዜ ተነሣ። ባሌ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ነበር። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለና እነሱ ተቀምጠው ሳለ ወጣ። እኛ ዘንድ ይህን የሚያደርግ ሰው የለም። ተከትዬው ደረጃው ላይ ደረስኩበት።

«አያ፣ ተመለስ። ለአፍህ ያህል በለው።»

«ለአፌ ብዬው ልጁ ቢሰማስ?»

«እኔ እነግረዋለሁ እውነቱን።»

«ንገሪዋ» አለ። «ከዓርብ ጀምሮ ነግረሽዋል?»

ነግሬው ነበር፣ ግን አልሰማኝም። በዚህም ቢሆን ወንድሜን ተናድጄበታለሁ። ባሌ ኩራት ነበረው፣ ሽማግሌዎቹ ልማድ ነበራቸው፣ እሱም እውነት ነበረው። ሁሉም የየራሱን ይዞ ሲሄድ ልጁ ለእኔ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ የሚቅላጡን ቁልፍ ለከተማው አስተዳደር መለሰ። ከረጢቱን አወረደው፤ መንጠቆው ጣሪያው ላይ አለ። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ አሁን አይጠራም። የተከራየው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። አንዲት ሴት ቂርያት ማላኪ አየሁት አለችኝ፤ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ዞርኩ፣ የለም። ሌላው ነታኒያ ነው ይላል። ሰፈሩ «ሽማግሌ የረገጠ» ብሎ ስለሚያነሣው፣ ስጠይቅ ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ሽማግሌ መርገጥ ከባድ ነገር መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ መንገድ ለማሳየት ግን ምን ይከለክላል?

ባሌ እንግዳ ሲመጣ ቅጂውን ይከፍታል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። «ስሙ፣ ስሙት እንዴት እንደሚለው» ይላል። ባሌ ቴሌቪዥን የሚያየው በጆሮው ነው። አንድ ቀን ድምፁን ዘጋሁበት።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«አሁን እየው» አልኩት።

ከእጄ ወስዶ መልሶ ከፈተው። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም፤ አሁንም የምንነጋገረው ስለ ወጥና ስለ መብራት ክፍያ ነው።

ልጄ ከዳስ በዓል በኋላ ግጥሚያ አለው። ተጋጣሚው ያው ልጅ ነው፤ አባቱ ደም መመለስ አስመስሎታል። የክለቡን አሠልጣኝ ሄጄ ግራውን እንዲያስነሣው ጠየቅሁት። «ቤሰደር፣ እናቴ፣ ቤሰደር» ብሎ፣ እሺ ማለቱ ነው፣ በሩ ድረስ ሸኘኝ። ልጄን ግራ እጅህን አንሳ ስለው፣ «ኢማ፣ አንቺ ስለ ቦክስ ምን ታውቂያለሽ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ብዙ አላውቅም። የሚያውቀው ሰው አንድ ነበር፣ ልጄም የሚሰማው እሱን ብቻ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ አጎቴ ምን አለ ብሎ ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። የተማርኩት ትንሽ ነው፤ ስሕተት ካለበት ይለፉኝ። ወንድሜ ረጅም ነው፣ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፣ ለስላሳ ወንበር ላይ አይቀመጥም። በየትኛውም ከተማ፣ መጠለያ ውስጥ ልጆች የሚያሠለጥን የእኛ ሰው ያያችሁ ካላችሁ፣ እሱ ሊሆን ይችላል። ታርቀሃል ብላችሁ አትዋሹልኝ። ያየው ሰው የት እንዳለና ደህና መሆኑን ይንገረኝ።